የተረፈው ጭብጨባ

አንድ ጭብጨባ ተረፋት። ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉ ከላይ፣ ድምፁ ከታች ተዘርግቷል። ከታች ያለው ጭብጨባ ሁሉ ከላይ ጓደኛውን አግኝቶ ገጥሟል። ይሄኛው ብቻ ከበላዩ ባዶ ነው።

ለክፍል የሚቀርብ አጭር ፊልም ነው፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ። ካሜራውን የያዘላት አብሯት የሚማረው ቀጭኔ ነው፤ ስሙን ያወጣለት አንገቱ ነው። ባለሙያዎቹ የሚያጋጩት ዓይነት ሰሌዳ ስለሌላቸው፣ ቀጭኔ ቀረጻ በጀመረ ቁጥር ካሜራው ፊት አንዴ ያጨበጭባል። ምስሉ ካሜራው ላይ ይቀራል፤ ድምፁን በእናቷ የሽርጥ ኪስ ውስጥ የገባች ትንሽ መቅረጫ ትይዛለች። ኋላ ሁለቱን የምታገጣጥመው በጭብጨባው ነው።

ስለዚህ ቀጭኔ የቀረጸው ነገር አለ። እሷ ጋ ግን አልደረሰም።

"ቀጭኔ፣" አለች ሳትዞር፤ ከኋላዋ እግሩን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። "ማክሰኞ ቤት የቀረጽከውን በሙሉ ሰጥተኸኛል?"

"አዎ። ምን ጎደለ?"

መልሱ ፈጠነባት። ቀጭኔ ምሳ በላህ ወይ ቢሉት እንኳ አስቦ የሚመልስ ልጅ ነው።

"ምንም አልጎደለም። እንዲሁ ነው።"

"አንቺ ደግሞ እንዲሁ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ጀመረሽ መሰለኝ ፖሊስነቱ።" ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

ቀጭኔም የራሱን ፊልም እየሠራ ነው። ከክፍሉ ለውድድር የሚላከው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የእናቷን ምርጥ ሳቅ ለራሱ ሸሽጎት ቢሆንስ? ጥርጣሬው ደግሞ ዛሬ አልጀመረም። እናቷ ድሮ "ያ ምሰሶ ጓደኛሽ" ነበር የምትለው፤ ከማክሰኞ ወዲህ "ያ ጨዋ ልጅ ደህና ነው?" ሆነ። እናቷ ስለ ሰው ያላትን ሐሳብ በአንድ ቀን የምትቀይር ሴት አይደለችም። የጎረቤቱን ውሻ እንኳ ይቅር እስክትለው ውሻው አርጅቶ ነበር።

መቅረጫዋን ግን ከሽርጡ ኪስ ያወጣቻት ልጅቷ ራሷ ናት። ያቺን ቀጭኔ አልነካትም።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጀመሪያ በር ተዘጋ፤ የራሷ ኮቴ ራቀ። አስታወሰች፤ ያኔ ኤክስቴንሽን ልትዋስ ጎረቤት ሄዳ ነበር። ከዚያ ጭብጨባው።

"ማዘር፣ እሷ እስክትመጣ አንድ እንሞክር። መርፌው ላይ ክር ያስገቡልኝ።"

ሽርጡ ከመቅረጫዋ ጋር ታሸ።

"ወደ መስኮቱ ትንሽ ዞር ቢሉልኝ።"

ወንበር ሲጥ አለ። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ እሷ ፊት ተናግራበት በማታውቀው ልስላሴ።

"ልጄ፣ ተወው። አይታየኝም። አንተ አስገባልኝ፣ እሷ ሳትመጣ።"

"ሐኪም አይተዎታል?"

"አይቶኛል። ቀኙ ሄዷል፤ ግራውም ይከተላል ነው ያለኝ። ጨርቁን እጄ ያውቀዋል፤ መርፌ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።"

"ለሷ አይነግሯትም?"

"ዛሬ ብነግራት ነገ ደብተሯን ጥላ እኔ ስፌት መኪና ላይ ነው የምትቀመጠው። አላውቃትምና ነው? በእናትህ፣ ይቺን የቀረጽካትን አጥፋት። አንተም አላየህም።"

"እሺ ማዘር። አጠፋታለሁ።"

በሩ ተከፈተ። የራሷ ድምፅ እያለከለከ ገባ፤ "አገኘሁ። ምን እያወራችሁ ነው?"

"ስለ አንገቱ፣" አለች እናቷ።

ማክሰኞ ይሄን ሰምታ ስቃ ነበር። ሳቋ እዚያው ተቀርጿል፤ እስኪያልቅ ሰማችው።

"ምንድን ነው የምትሰሚው?" አለ ቀጭኔ።

ጠቆር ባለው የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ፊቱን አየችው። እግሩን ከመስኮቱ አውርዷል። አሁን የሚጠራጠረው እሱ ነው።

"ምንም። ሽርጡ እየታሸ አስቸገረኝ።"

"ቆርጠሽ ጣያታ።"

"እጥላታለሁ።"

አልጣለቻትም። ጨርሻለሁ ወዳለችው የፊልሙ ክፍል ተመለሰች። እዚያ እናቷ ጨርቁን ትዘረጋለች፤ ወዲያው መቀሱ እጇ ውስጥ ነው። በመካከሉ የነበረውን ምስል ልጅቷ ራሷ ናት የቆረጠችው፤ ምንም የማይሆንበት ጊዜ ነው ብላ። ስታስበው፣ ከፊልሙ ሁሉ የቆረጠችው እንዲህ ያለውን ነበር። የምስሉን ጫፍ ይዛ ጎተተችና የጣለችውን መለሰችው።

"ይሄ ዘገየ እኮ፣" አለ ቀጭኔ። "ትናንት የቆረጥሽው አይደለም?"

"ይዘግይ።"

ቀጭኔ ተነስቶ ከጀርባዋ ሲቆምና የወንበሯን መደገፊያ ሲይዝ ተሰማት።

ስክሪኑ ላይ እናቷ ፈገግ ብላለች። የምታየው ካሜራውን አይደለም፤ የልጇ ድምፅ በመጣበት በኩል፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እጇ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ማስመሪያውን ነካ፤ አለፈው። ጠመኔውን ነካ፤ አለፈው። መቀሱ ከፊቱ ተጋድሟል፤ ጣቶቿ ገና አልደረሱበትም።