የሁለተኛው ቀጠሮ ደም

ዶክተሩ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአዛውንቶች ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ያጠና ነበር። ከመከተባቸው በፊት ደማቸውን ይወስዳል፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ዳግመኛ ወስዶ በሽታ የሚከላከለው አንቲቦዲያቸው መጨመሩን ይለካል። ሰዎቹን ግን ይንቃቸው ነበር።

ጡረተኛው ሾፌር አቶ ወርዶፋ የተወጉትን ክንዳቸውን እያሻሹ፣ «ዶክተር፣ መሥራቱን ትነግሩኛላችሁ?» አሉት።

«አንተ በወሩ ተመልሰህ ደምህን ስጥ። ብነግርህስ ምን ይገባሃል?»

አቶ ወርዶፋ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ከሦስት ወር በኋላ ዶክተሩ ውጤቱን በትልቅ ስብሰባ ላይ አቀረበ። «ከመቶ ሃያ ሰዎች አንድ እንኳ ከሁለተኛው ቀጠሮ አልቀረብኝም!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት ቢሮው መጡ።

«ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ወርዶፋ ነበር የመጣሁት፤ ያን ጊዜ በቀጠሮው...»

አላስጨረሳቸውም። ቶሎ እንዲሄዱለት ኮምፒውተሩን ከፈተና የሰውዬውን ስም ፈለገ።

«የሁለተኛው ደሙ ውጤት ይኸው። አንቲቦዲው ስምንት እጥፍ ጨምሯል። በይ፣ ሂጂና ንገሪው!»

ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው አዩት።

«በቀጠሮው ስላልመጣ ይቅርታ ልላችሁ ነበር፣ ልጄ። በተከተበ በሳምንቱ መኪና ገጭቶት ቀበርነው።»