ንግሥቲቱ የፈለገችው

«ይቺ ሴትዮ ግን ምንድን ነው የምትፈልገው?» ይላል ሳዲቅ፣ ማውሱን ለቆ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ እየተለጠጠ። «ወርቅ ሰጠችኝ። መንገዷን ከፈተችልኝ። አሁን ደግሞ እህል ላከች። በምላሹ የጠየቀችው ነገር የለም።»

ነጂባ ከኋላው ቆማለች። እሑድ ስለሆነ የምታስተምርበት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተማሪ የለውም። በመስኮቱ ከመናኸሪያው የረዳቶች ጩኸት ይገባል፦ አዋሳ! አዋሳ በአላባ! ሳዲቅ ዛሬ በዚያ አውቶቡስ ይሄዳል። ከአዋሳ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ደግሞ ድንበር በድንበር እያለ ሳውዝ አፍሪካ። ከሰፈሩ በዚህ መንገድ ከሄዱት አንዳንዶቹ ይደውላሉ። አንዳንዶቹ አልደወሉም።

«ሳይጠይቅ ከሚሰጥ ሰው አላህ ይጠብቅህ» ይላል ሪያድ። የሳዲቅ የአጎት ልጅ ነው፤ ሊሸኘው መጥቶ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። «ጃጁራ ገበያ በርበሬ ስትገዛ ምርቃቱ ከበዛልህ ምን ታያለህ? ሚዛኑን! ይቺም እስክትተኛ ጠብቃ ነው የምትወጋህ።»

የጨዋታው ካርታ ላይ የሳዲቅ አገር ቀይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያጫውታቸው ነገሥታት በየተራ ወግተውታል፤ ሁሉንም አሸንፏቸዋል። የቀረችው አንዲት ንግሥት ናት። አረንጓዴ አገሯ ከጎኑ ተዘርግቷል፤ ድንበሩ ላይ አንድም ወታደር አላቆመችም።

ነጂባ ምክንያቱን ታውቃለች። የእያንዳንዱ ንጉሥ ጠባይ ከጨዋታው ጀርባ ባለ ፋይል ውስጥ በቁጥር ተጽፏል። አንዱ ወርቅ ይወዳል፤ ሌላው ቂመኛ ነው፤ ያኛው ደካማ ጎረቤት ሲያይ አያስችለውም። ሳዲቅ የአባቱን አይሱዙ ይዞ ከሆመቾ ሲመለስ እዚህ ጎራ ማለት የጀመረ ሰሞን፣ እሱ በሚጫወትበት ኮምፒውተር ላይ የንግሥቲቱን ቁጥሮች ለወጠች። ጦርነት የሚለውን ዜሮ አደረገችው። ወዳጅነት የሚለውን እስከ ጫፉ ወሰደችው። ለጨዋታው አዲስ ስለሆነ ነው፣ እንዳይሰለቸው ነው ብላ ነበር ለራሷ።

«ቲቸር» ይላል ሳዲቅ። «ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ይሄንኑ አይደል? እስኪ ንገሪኝ፣ ሆዷ ውስጥ ምን አለ?»

«ምናልባት ምንም አትፈልግም» ትላለች።

«ሂጂ!» ይላል ሪያድ። «እኛ ቤት ድመቷ እንኳ የምትታከከኝ ሥጋ ሲኖር ነው።»

ሳዲቅ ይስቃል። ከዚያ በወንበሩ ዞሮ ያያታል፤ ሳቁ ፊቱ ላይ የለም።

«አትውጋት፣ ተዋት ካልሽኝ እተዋታለሁ» ይላል። «ወላሂ። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ከሳምንት በፊት፣ ጁምዓ ዕለት፣ እዚሁ በረንዳው ላይ፣ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «አላህ ያሻው ይሁን» አለችው። ማንም የማይነቅፈው መልስ ነው። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ያንን መልስ በልቧ ስታርመው ከረመች፤ ሰሌዳ ስታጠፋ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ከሶላት በኋላ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች። አሁን የታረመው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ሪያድ እየሰማ ነው፤ ሪያድ የሰማው ነገር ሳይመሽ እናቷ ሱቅ ይደርሳል።

«ጨዋታው ያንተ ነው» ትላለች ሻሿን እያስተካከለች። «እንደ ፈለግህ።»

ሳዲቅ ያያታል። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ይዞራል።

«እሺ» ይላል ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቀዩ ጦር ድንበሩን ይሻገራል። የሚያቆመው የለም። መንደር ከመንደር ያልፋል፤ ወንዙን ይሻገራል። ሪያድ ሊያይ ከተቀመጠበት ይነሳል።

«ኧረ አጥር እንኳ የላትም! ዋና ከተማዋን ሳትዘጋ ነው እንዴ የምትኖረው? ጅል!»

 የሳዲቅ ጣት ማውሱን የሚጫነው እየዘገየ ነው።

ከውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል። «በል መኪናው ሞላ፣ ቦታህን ልያዝልህ፣ ቶሎ ና» ብሎ ሪያድ ሻንጣውን ተሸክሞ ይወጣል። በሩ ከኋላው ይገጠማል።

አሁን ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሚሰማ ሰው የለም። ነጂባ አንድ እርምጃ ወደ ወንበሩ ትጠጋለች፤ ከጃኬቱ ላይ የናፍጣና የሳሙና ሽታ ይመጣል። «ሳዲቅ» ልትል አፏን ትከፍታለች።

የመጨረሻዋ ከተማ ትወድቃለች።

የተሸነፈ ንጉሥ ከካርታው ከመጥፋቱ በፊት ስክሪኑ ላይ የጽሑፍ መስኮት ይከፍታል። ይሳደባል፣ ይዝታል፣ ዘር ማንዘርህ አይባረክ ይላል። የንግሥቲቱም መስኮት ይከፈታል። ውስጡ ነጭ ነው። አንድም ፊደል የለበትም።

ነጂባ ያኔ ትዝ ይላታል። ቁጥሮቹን የለወጠች ቀን የንግሥቲቱን ስድቦችም አጥፍታ ነበር፤ እሱን እንድትሰድበው አልፈለገችም። በምትካቸው ሌላ ነገር ልትጽፍ አስባ ነበር። ምን እንደምትጽፍ ስታመነታ ሰው መጣ፣ ፋይሉን ዘጋችው።

ሳዲቅ እጁን ማውሱ ላይ አሳርፎ ነጩን መስኮት ያያል፤ ጽሑፉ ዘግይቶ የሚመጣ ይመስል። ወደ ኋላ አይዞርም። ጥሩምባው እንደገና ይነፋል። አሁንም ይጠብቃል።

ከዚያ፣ ሰው የተኛበትን ክፍል በር እንደሚገጥም ሰው፣ ቀስ ብሎ መስኮቱን ይዘጋዋል።