ጠርዙ ቀይ የተቀባው ሳህን

ኤባንዳን በጎኑ አስተኝቼ ሸሚዜን ከጭንቅላቱ ስር እጎዘጉዛለሁ። ሰውነቱ ይንፈራገጣል። አሸዋ አውጪዎቹ ምሳቸውን ትተው ወደ ሳናጋ ወንዝ ዳር ሸሽተዋል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው የአፍ አረፋ የነካ እሱም ይወድቃል ይባላል።

«ማንኪያ ጥርሱ መሀል ክተትበት እንጂ» ይለኛል አንዱ ከሩቅ።

«ናና አንተ ክተትበት።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

ቀስ በቀስ መንፈራገጡ ይቆማል። የአሸዋ ጀልባዋ ባለቤት፣ የኤባንዳ አጎት ፓፓ ምቤዜሌ፣ ጥቂት እርምጃ ቀረብ ይላሉ።

«ስምንት ወር ሙሉ አልወደቀም ነበር። መድኃኒትህ ከዳን፣ ነርሱ።»

የኤባንዳን ኪስ እዳብሳለሁ። የሰጠሁት የክኒን ከረጢት ሙሉ ነው።

«ከእሑድ ጀምሮ ትቼዋለሁ» ይላል ኤባንዳ፣ ነፍሱ መለስ ሲልለት። ምላሱ ገና ከባድ ነው። «ክኒን የሚውጥ አልዳነም ይላሉ። ሳልውጥ ዓመት ካልሞላኝ ከትልቁ ሳህን አያበሉኝም።»

ትልቁ ሳህን እዚያው አሸዋው ላይ ነው፤ ዓሣና ካሳቫ ሞልቶበታል። የኤባንዳ ምሳ ራቅ ብሎ፣ ጠርዙ ቀይ በተቀባ ትንሽ ሳህን፣ ለብቻው።

«ደንባችን ነው» ይላሉ ፓፓ፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው።

«ፓፓ፣ ጠላቂዎቹ አሸዋ ሊያወጡ ውሃ ሲገቡ ጀልባዋን ማን ይይዛታል?»

«ይሄ ምን ጥያቄ ነው? ከወንዙ ወለል የተተከለው እንጨት ነዋ።»

«አንጎላችንም ወንዝ ነው። ሴሎቹ እርስ በርስ ‹ቀጥል፣ ቀጥል› ሲባባሉ፣ ‹በቃ፣ ተረጋጋ› የሚላቸው ንጥረ ነገር አለ። እንጨቱ እሱ ነው። የሁላችንም አንጎል ውስጥ አለ፤ የኤባንዳ ግን አሸዋውን ጠበቅ አድርጎ አልያዘም። ክኒኑ ጠልቆ እንዲቆም ያግዘዋል። ባንድ ጊዜ ሲነቀል ደግሞ…»

«ጀልባዋ ሄደች» ይላሉ ፓፓ።

«ታዲያ እንጨት የተተከለላት ጀልባ ሁሉ በሽተኛ ናት?»

«የፓፓ ጀልባማ በሽተኛ ናት» ይላል ባለማንኪያው። «በሦስት ቦታ ታፈሳለች።»

ሌሎቹ ይስቃሉ። ፓፓ አይስቁም። ሳህኖቹ መሀል ቁጢጥ ብለው ይቀመጣሉ። ኤባንዳ ተኝቶ እጃቸውን በዓይኑ ይከተላል።

ካሳቫ ይቆርሳሉ። እጃቸው ወደ ትልቁ ሳህን ይሄድና መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚያ ቀዩን ሳህን ይስቡታል፣ መረቁ ውስጥ ያጠቅሳሉ፣ ይጎርሳሉ። መራራ ክኒን እንደያዘ ሰው አፋቸው ውስጥ ትንሽ ያቆዩትና፣ ይውጡታል።