የምሥረታ ቀን ከዛፉ ሥር

የኬሚስትሪ መምህርቷ ዛፉ ሥር በቆመው ሰሌዳ ላይ ለአራተኛ ጊዜ የጻፈችውን ቀመር ዝናቡ አጠበባት። ጠመኔው እጇ ላይ ሊጥ ሆኗል። ፈተና ሳምንት የቀራቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይንቀጠቀጣሉ። ባለቆርቆሮው ክፍል ደግሞ አጠገባቸው ባዶውን ተገትሯል።

«ኧረ ዳይሬክተር፣ በፈጠረዎት ወደ ውስጥ እንግባ!» አለች መምህርቷ።

«በምሥረታ ቀን?» አለ ርእሰ መምህሩ ጃንጥላውን እያስተካከለ። «ይህ የገጠር ትምህርት ቤት የተጀመረው እዚህ ዛፍ ሥር፣ በዝናብ ነው። ወግ አይሻርም!»

ይኼኔ ለበዓሉ የተጋበዙት መሥራች፣ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ መምህር፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ደረሱ። «ምነው ልጆቼ፣ ቤቱ ፈረሰ እንዴ?»

«የእርስዎን ፈለግ እየተከተልን ነው፣ አባባ!» አለ ርእሰ መምህሩ ደረቱን ነፍቶ።

«የምን ፈለግ? እኛማ ቤት አጥተን ነው! ያንን ክፍል ስንሠራ አይደል እንዴ ወገባችን የጎበጠው?»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ርእሰ መምህሩ ወደ መምህርቷ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «እባክሽ እኚህን ሽማግሌ ወደ ውስጥ አስገቢልኝ፤ ታሪካችንን እያበላሹብን ነው» አላት።

መምህርቷ ሁለተኛ እስኪነገራት አልጠበቀችም። ሽማግሌውን ደግፋ፣ ተማሪዎቿን በሙሉ አስከትላ ክፍል ገባች። ርእሰ መምህሩ ከነጃንጥላው ዛፉ ሥር ወጉን ሲጠብቅ ቀረ።