ምርቃት በዘጠኝ ደቂቃ

«ዘጠኝ?» አለ የሥራ ባልደረባዬ ቦስቲያን፣ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ስልኬን እያየ። «ጠዋት መቶ የኢንተርኔት ደቂቃ አልነበረህም እንዴ?»

ነበረኝ። ጠዋት የእህቴን መልእክት አነበብኩና ገጹን ዘጋሁ፤ ከአካውንቴ መውጣት ግን ረሳሁ። መርከብ ላይ ገጹን መዝጋትና ከአካውንት መውጣት ለየቅል ናቸው። ካልወጣህ ቆጣሪው ኪስህ ውስጥ ሆኖ ይበላሃል። እኔ ለመንገደኞች ቁርስ ሳመላልስ የሁለት ቀን ደሞዜ እንዲሁ አለቀ። አዲስ ገቢዎችን «መውጣት እንዳትረሱ» እያልኩ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የምመክረው ደግሞ እኔው ነኝ።

«ያንተስ?» አልኩት።

«ትላንት ለልጄ ልደት ጨረስኩት። ካርድ የሚሸጠው ቢሮ ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን አይከፍትም።»

አሁን አስር ሰዓት ነው። አገሬ ህንድ፣ ጎዋ፣ መሽቷል፤ ቤታችን የመቁጠሪያ ጸሎት ላይ ነው። ጸሎቱ እንዳለቀ መኪና መጥቶ እናቴን፣ ማይ የምንላትን፣ ሆስፒታል ይወስዳታል። ነገ ጭንቅላቷ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ መናገር ትችል እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም።

እኛ ቤት ከጸሎት በኋላ ምርቃት አለ። ከታላቅ እስከ ታናሽ፣ በየተራ፣ ተንበርክኮ፣ የወላጅ መዳፍ አናት ላይ እያረፈ። አምስት ነን፤ የመጨረሻው እኔ ነኝ። አባቴ ሲሞት ባሕር ላይ ስለነበርኩ ሳይመርቀኝ ሄደ። ታላቅ ወንድሜ ሮዛርዮ ቀብር አልመጣህም ብሎ ይኸው ሦስት ዓመት አላናገረኝም። የማይንም ምርቃት ካጣሁ በምን አንገቴ ነው አገሬ የምገባው?

ለሠራተኛ ኔትወርክ የሚይዘው ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለው ኮሪደር ላይ ብቻ ነው። ቦስቲያን አላፊ አግዳሚው እንዳይገፋኝ ከፊቴ ቆመ። ደወልኩ። ምስሉ ተቆራርጦ መጣ፤ መጀመሪያ ሻማ፣ ቀጥሎ የእህቴ የኤስፔራንሳ ግማሽ ፊት።

«አግኔሎ፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ። ስምንት ደቂቃ ነው ያለኝ። የት ደረሳችሁ?»

«አንድ ዙር ይቀራል።» ስልኩን ወደ ማይ አዞረችው። የዓይን ሞራ ከጋረዳት ቆይቷል፤ ካመማት ወዲህ ደግሞ አፏ ወደ አንድ በኩል ተጣሟል። «ማይ፣ አግኔሎ ስልክ ላይ ነው። ደቂቃው እያለቀበት ነው፣ እሱን አስቀድሚው።»

«ይጠብቅ፣» አለች ማይ፣ ቃሉን እየጎተተች። «ታናሽ ታላቁን አይቀድምም። ዘግይተህ ተወለድ ያለው ማን ነው?»

እህቶቼ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ምስሉ ደረቀ።

ስድስት ደቂቃ። አምስት። ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከጭንቅላታችን በላይ፣ ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣ አንዲት መንገደኛ ሴትዮ ምሳ ላይ አይስክሬም ሳቀርብላት ቤቷ የቀረውን ድመቷን በስልክ በቀጥታ አሳይታኝ ነበር። ጭራውን ሲወዘውዝ እንኳ ምስሉ አልተቆረጠም። ወደ እኛ የሚወርደው የእነሱ ትርፍራፊ ነው፤ እሱንም በደቂቃ እየመነዘሩ ይሸጡልናል። ያን ጊዜ ሴትዮዋን ፈገግ ብዬ «ሲያምር!» ብያታለሁ። አሁን ድመቱን ጠላሁት።

«አሜን» ሲሉ ሁለት ደቂቃ ቀርቶኛል። የሮዛርዮ ተራ ሁልጊዜ ረጅም ነው፤ ማይ ሩዝ ማሳውን፣ ከብቱን፣ የሚያመውን ጉልበቱን ሳይቀር ትመርቃለች። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሦስት እህቶች አሉ።

«በቃ፣ አይደርስም፣» አልኩ።

ምስሉ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ጣሪያው ታየኝ፤ ቀጥሎ ስክሪኑን የሞላ ፊት መጣ፤ ሮዛርዮ። ስልኩን ከኤስፔራንሳ ተቀብሏታል። አየኝ። ሊዘጋብኝ ነው አልኩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሱ ቂሙን የማይረሳ ሰው ነው።

አልዘጋም። ሲንበረከክ ጣሪያው ከፍ ሲል አየሁ። ከዚያ ሁሉም ጨለመ።

«ሮዛርዮ፣» አለች ማይ። ድምፅዋ ከጆሮዬ ስር ሆነ። ጣቶቿ መስታወቱ ላይ ሲሄዱ ይንኮሻኮሻል። ጨለማው ጨለማ አልነበረም፤ በጣቶቿ መካከል የሻማው ብርሃን ቀላ ብሎ ይገባል። መዳፏ ነው፤ ሮዛርዮ በራሱ ፋንታ ስልኩን ከእጇ ስር አድርጎታል።

«ፀጉርህ የት ሄደ?» አለች። ቀጥላም፣ «ይሄ ይቀዘቅዛል። ሮዛርዮ፣ ተራህን ሰጠኸው?»

«አዎ፣ ማይ።»

«ላንተስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ። እሱ ነው የራቀው።»

ሃምሳ ሰከንድ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሰማሁት የወንድሜ ድምፅ ይህ ነበር፤ ላመስግነው ብል ደግሞ ሰከንዱን መብላት ሆነብኝ።

«አግኔሎ፣» አለች ማይ።

«አቤት፣ ማይ።»

«ተንበርክከሃል?»

ቆሜ ነበር። ብረቱ ወለል ላይ ተንበረከክሁ። «ተንበርክኬአለሁ፣ ማይ።»

ትንፋሽ ወሰደች። ቃላቱን ለመሰብሰብ ስትታገል ይሰማኛል። ሃያ። አስራ አምስት። ቦስቲያን የማዕድ ቤት ቆቡን አወለቀ።

«እግዜር…» አለች፤ ድምፁ ተቆረጠ።

ከስክሪኑ ግርጌ «ደቂቃዎ አልቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ምስሉ ግን አልጠፋም፤ ደርቆ ቀርቷል። የማይ መዳፍ፣ ቀይ ሆኖ፣ መስታወቱን ሞልቶታል።

ስልኩን ገልብጬ አናቴ ላይ አደረግሁት።