የዳለቻ ወተት

አላቢው ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት የእያንዳንዷን ላም ወተት በየጠርሙሱ አድርገው ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ። መኖ ውስጥ የገባ የሻጋታ መርዝ ወደ ወተት ስለሚያልፍ ተመራማሪዋ አንድ በአንድ ትመረምረዋለች። ዛሬ ከላሞቹ ቁጥር አንድ ጠርሙስ በልጧል።

"አባባ፣ ይሄ የማን ነው?"

"እኔ አላመጣሁትም" አሉና አንስተው አሸተቱት። "የዳለቻ ነው። ስንት ዓመት ያለብኳትን ልሳሳት?"

ላሟ ዳለቻ ከሞተች ሳምንት አልፏታል። ሽማግሌው ጤዛ ያልለቀቀው ሣር ሰጥቼ ሆዷን አስነፍቼ ገደልኳት እያሉ እህል አልቀምስ ብለው ነበር። ተመራማሪዋ ግን የገደላት በጆንያ የመጣው የኑግ ጭማቂ ተረፈ መኖ፣ ፋጉሎው መሆኑን ታውቃለች። ጋዋኗን አቧራ እንዳይነካው ናሙናውን ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግና "ንጹሕ ነው" ብላ አሳልፋዋለች። ላሟ ከሞተች በኋላ ጆንያውን ብትዘረግፈው መሐሉ አረንጓዴ ሻጋታ ነበር። ሽማግሌው ሲያለቅሱ "ያጋጥማል አባባ" አለቻቸው እንጂ ስለ ጆንያው አልነገረቻቸውም።

"ይቅር ብላኛለች ማለት ነው" አሉ አሁን፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። ከጠርሙሱ ብርጭቆ ሙሉ ቀዱላት። "እንቺ ልጄ፣ ጠጪላት። አንቺም እኮ ስታጽናኚኝ ነው የሰነበትሽ።"

አልጠጣም ብትል ለምን ሊሏት ነው። ዓይናቸውን ማየት አቅቷት አቀርቅራ ተቀበለችና ተጎነጨች።

ገና ከጡት እንደወጣ ትኩስ ነው። ሻጋታ ሻጋታ ይላል።