የበቅሎዋ ጠበቃ

የልብስ ቁልፎቼን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል። ዛሬ ማስረከብ ያለብኝ ቀሚስ ደረቱ እንደተከፈተ ጭኔ ላይ ነው፤ ባሌ ጥሩሰው በነጭና በጥቁር ቁልፍ ነገ ተማሪ ቤት የሚያስተምረውን ይለማመዳል።

"ዲፕሎይድ!" ይላል፣ እኔንና እናቱን እንደ ተማሪ እያየ። "ሁለት ስብስብ ክሮሞሶም ያለው ሕዋስ ማለት ነው። ነጩ ከእናት፣ ጥቁሩ ከአባት። እኩል በእኩል።"

"አቦ ቁልፌን መልስልኝ!"

አይሰማኝም። ድሬ በሙቀቱ ሱቁን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት የእኔ ባል ያስተምራል። ልጅ አልመጣ ስላለን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለን። ሐኪሙ "ባልሽን ይዘሽ ነይ" ቢለኝ፣ ባለፈው "ስብሰባ አለብኝ" ብሎ ቀረ፤ ዛሬ ደግሞ "እኔ ምን ሆንኩና!" ይለኛል። እናቱ እማማ በለጠች ዘንድሮ ከደብረ ብርሃን የመጡት ሌላ ሚስት ሊያጩለት ነው። እሱንም አልደበቁኝም።

"በቅሎን ውሰዱ" ይላል። "'አባትሽ ማነው' ቢሏት 'እናቴ ፈረስ ናት' ያለችውን።"

እማማ ምስር እየለቀሙ፣ "በቅሎማ እዚሁ ቤታችን አለች" ይላሉ።

ደሜ ይፈላል። እሱ እቴ! ቁልፉን ይቆጥራል።

"ከእናቷ ከፈረሷ ሠላሳ ሁለት፣ ከአባቷ ከአህያው ሠላሳ አንድ። ሁለቱ ስብስብ አይገጥምም፤ ስለዚህ አትወልድም። እማዬ፣ የበቅሎዋ ጥፋት አይደለም! ሰው ያለ ጥፋቷ ነው የሚሰድባት።" ድምፁ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

ካገባኝ አራት ዓመቱ ነው። እናቱ በመጡ ቁጥር፣ አልወለደችም ብለው በቅሎ ሲሉኝ አንድ ቀን እንዲህ አልተናገረልኝም። ለበቅሎ ግን ጠበቃ ቆመላት!

መቀሱን አስቀምጣለሁ። "ጥሩሰው፣ የሰው ልጅስ? ግማሹ ከማን ነው?"

"ከአባት አልኩሽ እኮ።"

"እኩል በእኩል?"

"እኩል በእኩል!" ይላል፣ የገባኝ መስሎት ደስ ብሎት።

"የእኔን ግማሽ ሐኪሙ አይቶ 'ምንም የለብሽም' ብሎኛል። ያንተን ማን አየው?"

ቁልፎቹን መሰብሰብ ይጀምራል። "እሱ... እሱ ሌላ ነገር ነው" ይላል።

የእማማ በለጠች እጅ ምስሩ ላይ ይቆማል።

"ምኑ ነው ሌላ?" ይላሉ።

አራት ዓመት እኔን ብቻ ሲያዩበት በኖሩት ዓይን፣ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል።